አልጋ የሚያሳልፍ መንገድ

ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ጣሊያን ከወጣ ወዲህ መንደራችን ጠዳ በማኪናው መንገድ ዳር እየሰፋች ሄደች። ከጎንደርም ከእንፍራንዝም የመጣው ሁሉ ሱቅ ልክፈት እያለ አጥሩን ወደ መተላለፊያው ይገፋል። የማዘጋጃ ቤቱ ሰዎች ችካል ተክለው ይሄዳሉ፤ ሲነጋ ችካሉ ፈቀቅ ብሎ ይገኛል። መጨቃጨቁ ሁሉንም አድክሞት ነበር።

አያቴ ግን አዲስ አጥር ባዩ ቁጥር ዱላቸውን በትከሻቸው ላይ አጋድመው በመተላለፊያው ይሄዱበታል። ዱላው አጥሩን ከነካ ይቆሙና፣ “አስከሬን የተሸከመ አልጋ በየት ይለፍ?” ይላሉ።

ጠላ ሻጯ ጎረቤታችን አንድ ቀን፣ “ምነው አያ፣ ቤቴን ሳልመርቅ ሬሳ ያመጡብኛል?” አለቻቸው።

“አንቺንስ በአጥር ላይ እንወርውርሽ?”

እየሳቀች አጥሯን መለሰች። የገዛ ልጃቸው፣ አጎቴ፣ ግን እንቢ አለ። “አባቴ፣ አሁን እኮ ከተማ ነው፤ ሰው የቻለውን ይይዛል” ብሎ ለሱቁ በረንዳ መንገዱን ወሰደው። እሳቸውም ደከማቸውና ተዉት። በዚያ ባለፉ ቁጥር ግን ዱላቸው አጥሩን ኳ ያደርገው ነበር።

የሞቱ ዕለት አልጋቸው እዚያው የአጎቴ አጥር ላይ ሲደርስ ቆመ። ተሸካሚዎቹ ወዲያ ወዲህ ቢሉ አላሳልፍ አላቸው። ጠላ ሻጯ እያለቀሰች የጓሮዋን በር ከፈተችልን፤ በዚያ ዞረን ወሰድናቸው።

ዛሬም ሰው አጥር ሲያጥር ካየሁ ያንን የዱላቸውን ኳ የሚል ድምፅ እጠብቃለሁ። የለም።

አጎቴ በሠልስቱ ማግሥት አጥሩን ነቀለ፤ በረንዳውንም አፍርሶ ወደ ውስጥ ገባ አድርጎ አጠረው።