በፍልሰታ ዋዜማ ያላደረስኩት መልእክት

ይህን ለእናቴ አልነገርኳትም። ለንስሐ አባቴም አልተናገርኩም። ሰባት ዓመት ሙሉ ከእኔ ሌላ የሚያውቀው ሰው የለም። ዓይነ አፋር ነኝ፤ ሰው ፊት ቆሜ ከመናገር መጻፍ ይቀለኛል። ስለዚህ እጽፈዋለሁ። እንዳደረግኩት አድርጌ እጽፈዋለሁ እንጂ አላለሰልሰውም።

መረብ ኳስ እጫወት ነበር። ጥሩ ተጫዋች ነበርኩ፤ ይህንንም ለትሕትና ብዬ አልክደውም። ሥራዬ ከመረቡ ሥር ቆሞ ኳሷን ለመቺዎቹ ከፍ አድርጎ ማቀበል ነበር። ዩኒቨርሲቲ በገባሁበት ዓመት ለቡድኑ ተመረጥኩ፤ ግን ዓመቱን ሙሉ ከአግዳሚው ወንበር አልተነሳሁም ማለት ይቻላል። ልምምድ ላይ ከሁሉም ቀድሜ እገኛለሁ። የግጥሚያ ቀን ሲመጣ የሚገቡት ልጆች ጃኬታቸውን እያወለቁ ጭኔ ላይ ይከምሩታል። አሰልጣኙን «ለምን?» ብዬ ለመጠየቅ ስንት ጊዜ አፌን ከፍቼ ዘጋሁት?

ክረምት ሲገባ ወደ አገሬ ወደ መካነ ኢየሱስ ተመለስኩ። እዚህስ ማን ይቀድመኛል ብዬ ነበር። ቀደመችኝ። እናኑ ትባላለች፤ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። የወረዳችን የእስቴ ቡድን አቀባይ እሷ ነበረች፤ ከእኔም ትበልጥ ነበር። ጣቷ ኳሷን የሚነካት አይመስልም። የስፖርት መምህራችን ሁለታችንን አንድ ሳምንት አየንና «ትርንጎ፣ አንቺ ተጠባባቂ ትሆኛለሽ» አለኝ። ልጆቹ ሳቁ።

«ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምረው ጃኬት መጠበቅ ነው እንዴ?» አለች አንዷ።

እኔም አብሬ ሳቅሁ። ውስጤ ግን እርር አለ።

በነሐሴ አጋማሽ ከጋይንት ልጆች ጋር ግጥሚያ ተያዘ። ለክፍለ ሀገሩ ቡድን ተጫዋቾች የሚመርጥ ሰው ስለሚመጣ ሁሉም ያንን ቀን ይጠብቅ ነበር። የተመረጠች ጎንደር ትሄዳለች። እናኑ ከደብረ ታቦር ወዲያ አልፋ አታውቅም፤ ስለ ጎንደር ስታወራ ዓይኗ ይበራ ነበር። እኔስ? እኔ የፈለግሁት አንድ ሙሉ ጨዋታ ነበር።

ግጥሚያው በነሐሴ አሥራ ሰባት ነበር የተባለው። በአሥራ አምስት ከሰዓት በኋላ መምህሩ ጠራኝ። የጋይንት ልጆች የሚሳፈሩበት የጭነት መኪና ቀኑን ስለለወጠ ጨዋታው በማግስቱ ስምንት ሰዓት ላይ ሆኗል። «አንቺ ጠንቃቃ ነሽ፤ ቤት ለቤት ዞረሽ ንገሪያቸው» አለኝ። ዞርኩ። ጭቃውን እየረገጥኩ ለሁሉም ነገርኩ። እናኑን ለመጨረሻ አስቀረኋት።

አባቷ ቄስ ናቸው፤ የእኛም ቤት የንስሐ አባት ናቸው። ለምን እንዳልተናዘዝኩ አሁን ገባችሁ። ቤታቸው ስደርስ እናኑ ነጭ ነጠላዋን አጥባ ታሰጣለች።

«ውይ ትርንጎ! ምን እግር ጣለሽ?» አለችኝ። «እንኳን ግጥሚያው ነገ ወዲያ ሆነ! ሁለት ሱባኤ ጾሜ ነገ ልቆርብ ነው። ነገ ቢሆን ኖሮ ቁርባኑን ለእሁድ አሳድረው ነበር።»

ይህን በራሷ አፍ ነገረችኝ። አንድ ቃል ብናገር ቁርባኑም አይቀርባት፣ ጨዋታውም አይቀርባትም ነበር። እኔ የቄስ ጎረቤት ሆኜ ያደግሁ ልጅ ነኝ፤ ሥጋ ወደሙ የተቀበለ ሰው በዚያ ቀን እንደማይሮጥ፣ እንደማይዘል፣ ላቡን እንደማያፈስ አውቃለሁ።

«መልእክት አለሽ እንዴ?» አለችኝ።

«ኧረ ልጠይቅሽ ብዬ ነው» አልኳት።

ድንጋጤ ነበር ልበል? አልነበረም። ረስቼው ነበር ልበል? ቤቴ እስክደርስ ድረስ እየደጋገምኩ አስቤዋለሁ። ዞሬ ለመመለስ ጊዜ ነበረኝ፤ አልተመለስኩም።

በማግስቱ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ቆሜ ጠበቅኋት። አፏን በነጠላዋ ሸፍና ከእናቷ ጋር ወጣች። ያን ጊዜ ነገርኳት፤ «ግጥሚያው ዛሬ ሆኗል፤ ስምንት ሰዓት።» ቆርባለችና አልተናገረችም። ዓይኗን ብቻ እኔ ላይ ተከለችው። የተናገሩት እናቷ ናቸው።

«አዬ ልጄ! ቅዱስ ቁርባን ተቀብላ እንደ ጥጃ ልትዘል ነው? ደግሞ የመንግሥት ኳስ የማርያምን ቀን መረጠ? በይ ደህና ዋይ፣ ልጄ አትሄድም።»

ያን ቀን ተጫወትኩ። ከዚያም በፊት ከዚያም በኋላ እንደዚያ ተጫውቼ አላውቅም። ሜዳው ጭቃ ነበር፤ እኔ ግን አንድም ጊዜ አላዳለጠኝም። ያቀበልኳት ኳስ ሁሉ መቺዎቹ እጅ ላይ ትደርስ ነበር። አሸነፍን። ሕዝቡ ስሜን ጠራ። ደስ አለኝ? አዎ፣ በጣም ደስ አለኝ። ስለ በደሌ ስጽፍ ደስታዬን ብደብቅ ሌላ ውሸት ይሆናል።

ክፉው ግን ከዚያ በኋላ መጣ። መምህሩና የወጣት ማኅበሩ ሰብሳቢ እናኑ የቀረችበትን ምክንያት ሰሙ። መንግሥት ሃይማኖተኛን በክፉ ዓይን በሚያይበት በዚያ ዘመን «ቆርቤ ነው» ማለት ቀላል ነገር አልነበረም። ሰብሳቢው በቁጣ ወደ እኔ ዞረ።

«ነግረሻታል ወይስ አልነገርሻትም?»

«ነግሬያታለሁ» አልኩ።

እውነት ነው፤ ነግሬያታለሁ። መቼ እንደነገርኳት ግን አልጠየቁኝም፤ እኔም አልተናገርኩም። የእኔን ዝምታ ማን ይጠረጥራል? ትርንጎ እኮ ዓይነ አፋር ናት፣ ትርንጎ እኮ ጠንቃቃ ናት። እናኑ ቃሏን እንኳ ሳትጠየቅ «እያወቀች ቡድኑን ለጸሎት ጣለች» ተብላ ከቡድኑ ተሰረዘች። እኔ ተመረጥኩ። ጎንደር ሄድኩ። እሷ የምትቆምበት ቦታ ቆሜ ሁለት ጨዋታ ተጫወትኩ። እናኑ በሚቀጥለው ዓመት ተዳረች፤ መረብ ኳስም ዳግመኛ አልተጫወተችም።

ባለፈው ዓመት ገበያ ውስጥ አገኘችኝ። ልጅ አዝላለች። አንገቴን አቅፋ ሳመችኝ።

«ያን ቀን እንዴት እንደተጫወትሽ ነግረውኛል፤ ኮራሁብሽ» አለችኝ። ቀጥላም፣ «ስንት ልጅ ነበር በቡድኑ! ማንም አላስታወሰኝ። አንቺ ብቻ ነሽ ቤተ ክርስቲያኑ በር ድረስ መጥተሽ የነገርሽኝ። እግዜር ይስጥልኝ፣ እታለሜ።»

እኔ ምን አልኩ? «አሜን» አልኩ። ምስጋናዋንም ወሰድኩባት። የመጀመሪያውን በደል በሃያ ዓመቴ ሠራሁት፤ ልጅነት ነበር ማለት ይቻል ይሆናል። ይህኛውን ግን የተማርኩ፣ የተመረቅሁ፣ ሌላውን የማስተምር ሴት ሆኜ ነው የሠራሁት።

ወንበር ላይ መቀመጥ ያንገበግባል፤ አውቀዋለሁ። ግን ወንበር ላይ ያስቀመጠችኝ እናኑ አልነበረችም። ከእኔ መብለጥ ኃጢአት አይደለም። ለእኔ ንዴት እሷ ለምን ከፈለች? ለዚህ ሰበብ ልፈጥር አልፈልግም።

ይህን ወረቀት ለአባቷ አልሰጥም። እሳቸው ቀኖና ሰጥተው ይፈቱኝ ይሆናል፤ እኔ ደግሞ ተፈታሁ ብዬ እሷን አልፋት ይሆናል። መጀመሪያ ወደ እሷ እሄዳለሁ። ይቅር በይኝ ብዬ አልጀምርም፤ ይቅር ማለትም አለማለትም የእሷ ነው። የምላት ይህን ብቻ ነው፤ እናኑ፣ ዋዜማውን ቤትሽ የመጣሁት ልነግርሽ ተልኬ ነበር።