ተሳቢው ይገፋኛል

እኔ ሰው ቶሎ አላምንም። ስኳር ሲመዘንልኝ የማየው ሚዛኑን ሳይሆን የመዛኙን ጣት ነው። ሰላምታ የሚያበዛ ሰው ሲመጣ ቦርሳዬን ወደ ጉያዬ አስጠጋለሁ። መርካቶ ውስጥ ገመድና ጆንያ እየሸጥኩ ስኖር ይህ ጠባዬ ብዙ ጊዜ ጠቅሞኛል። አንድ ጊዜ ግን ጉድ ሠርቶኛል።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው። ባለቤቴ የአንድ ጅምላ ነጋዴ ሹፌር ነበር። ነጋዴውን ሁላችንም ሐጂ እንላቸዋለን። ጨውና ሳሙና ወደ ሱሉልታና ወደ ፍቼ ይልካሉ፣ ከዚያ ጤፍና ባቄላ ያስመጣሉ። ትልቅ የጭነት መኪና አልነበራቸውም፤ ሁለት ላንድሮቨር ብቻ ነበራቸው። ባለቤቴ በሚነዳው ላይ ባለ ሁለት ጎማ ተሳቢ ይቀጠልበታል። መጋዘናቸው ከሱቄ ፊት ለፊት ስለሆነ መኪናው ሲገባም ሲወጣም ከጆንያዎቼ መሃል ተቀምጬ አየዋለሁ።

ባለቤቴ በአሥራ አራት ዓመት ይበልጠኛል። መሪ ከጨበጠ ሃያ ዓመት አልፎታል፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ ሰው ገጭቶ አያውቅም። ይህን እሱ አይናገርም፣ የምናገርለት እኔ ነኝ። ዝምተኛ ነው። ሹፌሮች ሁሉ ረዳት ሲይዙ እሱ «ረዳት ምን ያደርግልኛል? ወሬ ነው የሚያበዛብኝ» ብሎ ብቻውን ይሄዳል። እኔም በዚህ እኮራበት ነበር።

ክረምቱ እንደወጣ አንድ ቀን ለምሳ ገብቶ እጁን እንኳ ሳይታጠብ ተቀመጠ።

«ተሳቢው ይገፋኛል» አለኝ።

«እንዴት ነው የሚገፋህ?»

«እኔ ፍሬን ስይዝ እሱ አይዝም። የእንጦጦን ቁልቁለት ስወርድ ክብደቱ ሁሉ ጀርባዬ ላይ ይመጣል።»

ከዚያ ቀን በኋላ እሱ ስለ ነገሩ ማውራት ተወ፣ እኔ ጀመርኩ። ፍሬን በራሱ አይበላሽም፤ የሚያበላሸው ሰው አለ ብዬ ደመደምኩ።

በሳምንቱ የባሰ መጣ። ጤፍ ጭኖ ከጊዮርጊስ ወደ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ሲወርድ አህዮች መንገድ አቋረጡ። ፍሬን ያዘ። ላንድሮቨሩ ቆመ፣ ተሳቢው ግን አልቆመም። ከኋላ ገፍቶት ወደ ጎን ዞረና የድልድዩን ጥግ ታኮ ቆመ። ሁለት ጆንያ ወድቆ ጤፉ አስፋልት ላይ ፈሰሰ። እዚያው ጥግ ላይ ሎሚ የምትሸጥ ሴት ዘልላ ነው የተረፈችው። ሐጂ ባለቤቴን ጠርተው ክፉ ቃል አልተናገሩም። «አንድ ጊዜ ከተደገመ ቁልፉን ታስረክበኛለህ» ብቻ አሉት። ባለቤቴ ከመንዳት በቀር ሌላ ሙያ የለውም። ሃምሳ ዓመት የደረሰ ሰው መኪና አስረክቦ መርካቶ ውስጥ ምን ሊሆን ይችላል? ደግሞ በሚቀጥለው ጊዜ ተሳቢው ገፍቶ ከድልድዩ ሥር ይጥለው ይሆናል። ያን ሳምንት እንቅልፍ ባይኔ አልዞረም።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ጫኞቹን ነው። ባለቤቴ ድሮ እንዳስረዳኝ ተሳቢ ላይ ከባዱ ዕቃ ወደ ፊት፣ ወደ መኪናው ተጠግቶ መጫን አለበት። ወደ ኋላ ከከበደ ግን ተሳቢው ጭራውን መቁላት ይጀምራል፣ መኪናውንም ይዞት ይሄዳል። ስለዚህ ጨው ሲጫን ሱቄን ለጎረቤት አደራ ብዬ እሄድና እጄን ወገቤ ላይ አድርጌ እቆም ጀመር።

«እትዬ፣ ዛሬ ደግሞ ተቆጣጣሪ ሆኑብን?» አለኝ አንዱ ጫኝ።

«አዎ። ያንን ጆንያ ወደ ፊት ሳበው።»

ሳቁብኝ። ቢሆንም አጫጫናቸው ደህና ነበር።

ቀጥዬ ሰንሰለቱን ጠረጠርኩ። ተሳቢው ከመንጠቆው ቢያመልጥ እንኳ መኪናውን እንዳይለቅ የሚይዝ ሰንሰለት አለው። ጠዋት ጠዋት ጎንበስ ብዬ ቀለበቶቹን አንድ በአንድ እዳስስ ነበር። አንድም የላላ አጣሁ፤ በማጣቴ ደግሞ የባሰ ተጠራጠርኩ።

ከዚያ ተራው የሐጂ ሁለተኛ ሹፌር ሆነ። ወጣት ነው፣ ጸጉሩን በቅባት ያስተኛል። ባየኝ ቁጥር «እትዬ፣ እንዴት ዋሉ? ልጆች ደህና? ጋሼስ ደህና ናቸው?» ይለኛል። ለአንድ ተራ ቀን ይህ ሁሉ ሰላምታ ምን ይሠራል? የባለቤቴን መኪና ተመኝቷል አልኩ። በመኪናው ጎን ባለፈ ቁጥር ዓይኔን አልነቅልበትም ነበር። እሱ ግን ተሳቢውን በእግሩ ጫፍ እንኳ ነክቶት አያውቅም።

ሰው ሁሉ ሲያልቅብኝ መካኒኩ ቀረ። መሳለሚያ አካባቢ የሐጂን መኪኖች የሚጠግኑ፣ በጣሊያን ጊዜ ጋራዥ ውስጥ ሥራ የተማሩ ሽማግሌ ነበሩ። ባለቤቴ በአንድ ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ እሳቸው ዘንድ ሄዷል። ሦስት ጊዜ ተሠርቶ ሦስት ጊዜ የሚበላሽ ነገር ምን ዓይነት ነው? ደኅናውን ዕቃ አውልቀው አሮጌ እየገጠሙበት ነው ብዬ እርግጠኛ ሆንኩ። ደሜ ፈላ። ነጠላዬን አጣፍቼ ጠዋት በሰው ፊት ጋራዡ ድረስ ሄድኩ።

«የሰው ነፍስ በእጅህ ይዘህ ትጫወታለህ! ባሌን ከድልድይ ልትጥለው ነው?» አልኳቸው። አባቴ ሊሆኑ የሚችሉ ሰው ናቸው፤ ከንዴቴ ብዛት እርስዎ ማለቱን ረስቼዋለሁ። መኪናቸውን ሊያሠሩ የመጡ ሰዎች ሁሉ ዞረው አዩን።

ሽማግሌው እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉና «ነይ በዚህ በኩል» ብለው ወደ ጓሮ ወሰዱኝ። እዚያ የሌላ ሰው ተሳቢ ቆሟል። መኪናው ላይ የሚታሰርበትን ጫፍ በእግራቸው ገፋ አደረጉት፤ ብረቱ ወደ ውስጥ ገባ።

«አየሽ? መኪናው ፍሬን ሲይዝ ተሳቢው ከኋላ ይመጣና ይሄ ብረት ወደ ውስጥ ይገባል። ሲገባ የተሳቢውን ፍሬን ይስባል። ተሳቢው ራሱን በራሱ ያዘ ማለት ነው።»

«እሺ?»

«ወደ ኋላ ስትነጂስ? ያኔም መኪናው ስለሚገፋው ብረቱ ይገባል፣ ፍሬኑ ይይዝና አልሄድም ይላል። ስለዚህ ወደ ኋላ ስንሄድ እዚህ ጋ ሽብልቅ እናስገባና እንዳይገባ እናደርገዋለን። ከጨረስን በኋላ ወርደን እናወጣዋለን። ካላወጣነው ተሳቢው ፍሬን የለውም።»

ከመደርደሪያ ላይ ሦስት የእንጨት ሽብልቅ አንስተው መዳፌ ላይ አስቀመጡ። ሦስቱም አንድ ዓይነት ተጠርበዋል።

«ሦስቱንም ከባልሽ ተሳቢ ላይ ነው ያወጣኋቸው። ሦስቴም ነግሬዋለሁ። ፍሬኑ ምንም አልነካውም።»

ሽብልቁን የሚያስገባ ጠላት ማን ነው ልላቸው አፌን ስከፍት ቀደሙኝ። «ራሱ ነው የሚያስገባው፤ በዓይኔ አይቻለሁ» አሉ። ቀጥለው ወደ አጥራቸው አመለከቱኝ። ግንቡ በሁለት ቦታ ተፍቋል፣ የላንድሮቨሩ አረንጓዴ ቀለም ቀርቶበታል። «ወደ ኋላ ሲመጣ በግራ በኩል ያለውን አያይም። ሌላው ሹፌር አንዴ የሚገባበትን በር እሱ አምስቴ ስድስቴ ይሞክራል። በየሙከራው እየወረደ ሽብልቅ ቢያስገባና ቢያወጣ ሰው ይታዘበዋል። ስለዚህ ይተወዋል፣ ከዚያ ይረሳዋል።»

«ለሐጂ ለምን አልነገሩም?» አልኳቸው። እርስዎ ማለት ተመልሶልኝ ነበር።

«እንጀራው ነው፤ እንዴት ብዬ?» አሉኝ።

ወደ ሱቄ ተመለስኩ። ያኔም ቢሆን አላመንኳቸውም። ሽማግሌው ጥፋታቸውን ለመሸፈን የፈጠሩት ሊሆን ይችላል አልኩ። እኔ በራሴ ዓይን ያላየሁትን አልቀበልም።

በማግስቱ ከቀትር በፊት ባለቤቴ ባቄላ ጭኖ መጣና ተሳቢውን ወደ መጋዘኑ በር ወደ ኋላ መንዳት ጀመረ። ሱቄን ትቼ ወጣሁ። በሹፌሩ ግራ በኩል፣ ማንኛውም ሹፌር ሊያየኝ በሚገባ ቦታ ላይ እጄን አጣጥፌ ቆምኩ። እሱ አንገቱን በግራ ትከሻው ላይ በከፊል አዙሮ ወደ እኔ በኩል ያያል። የፊቱን ግራ ጎን በደንብ አየዋለሁ። ተሳቢው ግን ይመጣል። ክንድ ሲቀረው ጫኞቹ ጮኹ፣ እኔም ዘልዬ ከግንቡ ጋር ተጣበቅሁ። መኪናው ቆመ። ባለቤቴ ወርዶ እየሮጠ መጣ።

«አብደሻል? እዚህ ምን ታደርጊያለሽ?»

«አላየኸኝም?»

«አየሁሽ እንጂ። ለዚያ አይደል ያቆምኩት?»

«በየትኛው እጄ ነበር ምልክት የሰጠሁህ?»

ትንሽ አሰበና «በቀኝሽ» አለ።

እጄን አላነሳሁም ነበር።

ጎንበስ ብዬ መንጠቆው ጋ ስመለከት ሽብልቁ ተሰክቶ አገኘሁት። እሱም እንዳየሁት አየ። ጫኞቹ እስኪያራግፉ ድረስ ሱቄ ገብተን ጆንያ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። እዚያ ነው የነገረኝ፤ ግራ ዓይኑ ብርሃን ብቻ ነው የሚያየው፣ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ከውጭ ሲታይ ምንም የለውም። ያንን ዓይን በየቀኑ ሳየው ኖሬ አንድም ነገር አላወቅሁም። ረዳት አልፈልግም ያለበትም ምክንያት ያኔ ገባኝ፤ አብሮት የሚቀመጥ ሰው በሁለት ቀን ይነቃበታል። «ወደ ፊት ስነዳ ደህና ነኝ። ሽብልቁን ደግሞ ሁለተኛ አልረሳም» አለኝ። እንዳምነው እየለመነኝ ነበር። እኔ ግን አላመንኩትም።

ከሰዓት በኋላ ሐጂ አስጠሩኝ። መጋዘኑ ውስጥ የጸሎት መቁጠሪያ ሙስባሃቸውን እየቆጠሩ ተቀምጠው ነበር። ጋራዥ ሄጄ መጮኼ ጆሯቸው ደርሷል።

«ሽማግሌው ያታልለናል ብለሻል አሉ። እውነት ከሆነ ዛሬውኑ መኪኖቼን አወጣለሁ። ለባልሽም ሌላ መካኒክ ፈልገን ፍሬኑን እናሠራለታለን። እውነት ነው?»

እንዲህ ያለ ቀላል ነገር ሰው ጠይቆኝ አያውቅም። አዎ ብል ሁሉም ያበቃል። ባለቤቴ ቁልፉን እንደያዘ ይቀራል። ሽማግሌው እንደሆኑ አፋቸውን አይከፍቱም፤ እስካሁንም ለእኛ ሲሉ አልከፈቱም። ዝም አልኩ። ሐጂ ሙስባሃቸውን አንድ ዙር ጨርሰው ሁለተኛ ጀመሩ። ያን ያህል ጊዜ ዝም ማለቴ ዛሬም ያሳፍረኛል፤ የጠፋኝን መልስ ስፈልግ ሳይሆን ውሸቱን ሳጣጥመው ነበር። ከዚያ ያቺ ሎሚ ሻጭ ትዝ አለችኝ፣ አንድ ክንድ ቀርቶት የቆመው ተሳቢም ትዝ አለኝ።

«ሽማግሌው ምንም አላጠፉም፤ ስማቸውን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ባለቤቴ በግራ ዓይኑ አያይም» አልኩ።

ሐጂ ሙስባሃውን አቆሙ። መሬት መሬት እያዩ «ቁልፉን አንቺው አምጪልኝ። እኔ ከእጁ ስቀበለው ፊቱን ማየት አልችልም» አሉ።

ሱቅ ውስጥ እዚያው ጆንያው ላይ አገኘሁት። ከየት እንደመጣሁ ፊቴን አይቶ አወቀ። ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ እጄ ላይ አስቀመጠ፤ ሙቀቱ እንዳለ ነበር። አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

«መቼም ሰው አታምኚም። እኔን እንኳ፣ ባልሽን፣ አንድ ቀን ሳትጠረጥሪኝ ብትውዪ ምን ነበረበት?» አለኝ።

ጫኞቹን ጠርጥሬያለሁ፣ ሰንሰለቱን ጠርጥሬያለሁ፣ ያንን ጨዋ ልጅ ጠርጥሬያለሁ፣ አንድ ሽማግሌ በሰው ፊት አዋርጃለሁ። በዚያ ሁሉ ጊዜ መርካቶ ውስጥ ያልጠረጠርኩት ሰው እሱ ብቻ ነበር። ቁልፉን ይዤ መንገዱን ተሻገርኩ።