ድመቷ አልዘልም ያለች ቀን

ሰፈራችን ውስጥ «እትዬ ድመት» የምትባል የሆስፒታል ልብስ አጣቢ አለች። ስሙን ያወጣላት ወደ ሥራ የሚወስዳት አውቶቡስ ሾፌር ነው። ሰውዬው ስም ለማውጣት ጊዜ አለው፤ ፍሬን ለመርገጥ ግን የለውም!

ነገሩ እንዲህ ነው። የሆስፒታሉ ፌርማታ የዳገቱ ወገብ ላይ ነው። አውቶቡሱ ደግሞ ዕድሜ የጠገበ ነውና እዚያ ላይ ከቆመ ሞተሩ ይጠፋል። ስለዚህ አይቆምም፤ ያዘግማል። ወራጅ ይዘላል። መዝለሉም ዝም ብሎ አይደለም። ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ የወረደ ሁሉ በማጅራቱ ተዘርሯል፤ እግሩ መሬት ሲይዝ የቀረው አካሉ ገና ከአውቶቡሱ ጋር እየሄደ ነዋ! እንደ ምሰሶ ቀጥ ብሎ ያረፈውም ጉልበቱን ይዞ ይጮሃል። እትዬ ድመት ግን ፊቷን አውቶቡሱ ወደሚሄድበት አዙራ፣ ጉልበቷን አጠፍ አድርጋ ትወርድና ጥቂት አብራው ትሮጣለች። በሃምሳ ምናምን ዓመቷ! ተሳፋሪው ያጨበጭባል። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ማታ የቤቷን ደረጃ ግድግዳ ይዛ እያቃሰተች እንደምትወጣ እኛ ጎረቤቶቿ እናውቃለን፤ ጭብጨባ ጉልበት ላይ አይታሽም!

ባለፈው ሰኞ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ልጇን ለምርመራ ይዛ ተሳፈረች። ዳገቱ ጋ ሲደርሱ፣

«ወራጅ አለ!» አለች።

«ዝለይ፣ እትዬ ድመት!» አለ ሾፌሩ በመስታወት እያያት።

«ዛሬስ ቁም። ልጄ አለች።»

«ቀስ እላለሁ። አንቺ አሳያት፤ የድመት ልጅ አይደለች እንዴ?»

አውቶቡሱ በሳቅ ፈነዳ። ልጅቷ አፍራ ሆዷን በአንድ እጇ አቅፋ ወደ በሩ ተጠጋች፤ ልትዘል! ይሄኔ እናቷ ክንዷን ጨምድዳ ያዘቻት።

«እግሯ መሬት ሲይዝ ሆዷ ካንተ ጋር ሊሄድ ነው? አንተ ልታዋልዳት?» ብላ ጮኸች።

«እማማ፣ ከቆምኩ ይጠፋል እኮ!»

«ድርግም ይበል!»

«ኧረ ሥራ አለብን!» አለ አንድ ባለ ከረባት ከኋላ።

«እንግዲያው አንተ ቅደምና ዝለል፤ ከታች ሆነህ ትቀበላታለህ።»

ባለ ከረባቱ ስልኩ ውስጥ ገባ።

እሷ በሩ ላይ ሁለት እጇን ዘርግታ ቆመች። ሌሎቹ ወራጆች ከኋላዋ ተጠራቀሙ፤ መግፋትም መጮህም ጀመሩ። ንቅንቅ አላለችም። ሾፌሩ መሪውን በጥፊ መታና ፍሬኑን ረገጠ። ሞተሩ አስሎ አስሎ ጠፋ።

ስድቡ ከየወንበሩ ወረደባት። ለሾፌሩ ወይም ለዚያ ቆርቆሮ ባለቤት አንዲት ቃል የተናገረ የለም፤ ይታያችሁ! ልጅቷ ብረቱን ይዛ እንደ ሰው፣ ቀስ ብላ ወረደች። እናቷ ተከተለችና የመጨረሻው ደረጃ ላይ ቆም ብላ ሻርፗን ማስተካከል ያዘች።

«አልጨረስሽም?» አለ ሾፌሩ ጥርሱን ነክሶ።

«አንድ እግር ቀርቶኛል» አለችው፤ «ጠብቅ።»