የመስከረም ማሽላ

በመተማዋ ኮኪት ላይ ፈንቴን የማያውቅ አልነበረም። የሚያውቁትም በሁለት ነገር ነው፣ በሳሉና በንዴቱ። ሳሉን የሰጠው የወፍጮ ቤቱ ዱቄት ነው፤ ንዴቱን ግን ከጋይንት ይዞት ሳይወርድ አልቀረም። በጎረምሳነቱ ለሰሊጥ አጨዳ ማጭዱን ይዞ ቆላ ወረደ፤ ለአንድ አጨዳ ብቻ ነው የመጣሁ አለ፤ ወባ ጣለችው፤ ሲነሳ ጓደኞቹ ተመልሰዋል። ከዚያ ወዲህ ወደ ደጋ የመመለሱን ነገር በየዓመቱ ያነሳዋል እንጂ አልሄደም። ጠላ ሻጯን አሰፋችን አገባና አርፎ ተቀመጠ። አርፎ ከተባለ።

የወረደው በስድሳ ሦስት ይሁን በስድሳ አምስት አይታወቅም፤ በሰባ አንድ ዓመተ ምሕረት ግን፣ የድንበሩ ጦርነት በረድ ብሎ ሰው ወደ ቤቱ ሲመለስ፣ ስምንት የኮኪት ሰዎች አምስት አምስት መቶ ብር አዋጥተው የናፍጣ ወፍጮ አቆሙ። ፈንቴን ሚዛን ያዥ አድርገው ቀጠሩት። የሚመጣውን እህል ይመዝናል፣ የማስፈጫውን ይቀበላል፣ ይጽፋል። በየማለዳው ሥራ ሳይጀመር የሚዛኑን ድንጋዮች አንድ በአንድ ጠርጎ እርስ በርስ ያስተያያቸዋል። አንዱ ከአንዱ የጎደለ እንደሆነ ማን ይችለዋል! «ሁለት ዓይነት ሚዛን እግዜር አይወድም» የምትለዋን ቃል በቀን ሦስት ጊዜ ሳይናገራት አይውልም ነበር። ሴቶቹ ወረፋ ይዘው ሳለ እሱ ሳይናገራት በፊት ቀድመው ይሏታል፤ እሱም ይናደዳል።

ስምንቱ ሰዎች በወፍጮው ላይ አንድ አንድ እጣ አላቸው። ናፍጣው፣ የሞተሩ ማዞሪያ ቺንጋ፣ የሠራተኛው ደመወዝና የቀበሌው መዋጮ ከወጣ በኋላ የተረፈው በየዓመቱ በመስቀል ማግሥት ስምንት ቦታ ይካፈላል። በመስቀል መሆኑ የደጋ ልማድ ነው፤ ዓመቱ የሚዞረው፣ ሰውም የሚሰበሰበው ያኔ ነው ብለው አያቶቻቸው ይዘውት የወረዱት። እጣውን መሸጥ የፈለገ ደግሞ የሚሸጠው በጥር ነው፤ ሰሊጡና ማሽላው ገብቶ፣ ገበሬው ብር የሚይዘው በጥር ስለሆነ።

ፈንቴ እጣ ይፈልግ ነበር። መፈለግ ብቻ አይደለም፣ ሌላ ተስፋ አልነበረውም። ወር በገባ በአርባ ብር ደመወዝ ዱቄት ሲውጥ ይውላል፤ ልጅ አልወለደም፤ መሬት የለውም። አንድ ቀን ኩንታል ማንሳት ሲያቅተው፣ ሳሉ ሲብስበት፣ ማን ያጎርሰዋል? አንድ እጣ ያለው ሰው ግን ተኝቶም ቢሆን በመስቀል ማግሥት ድርሻው ቤቱ ድረስ ይመጣለታል። አሰፋች ይህን ከሱ በፊት አውቃ ከጠላው ብር በብር እየለቀመች በቆርቆሮ ጣሳ ታጠራቅም ነበር።

ታዲያ ለምን አልገዛም? በሒሳቡ ምክንያት ነው።

ፈንቴ ብር አያምንም። ሥራ ሲጀምር አርባ ብር ቤት ይሞላ ነበር፤ ቆይቶ ያው አርባ ብር ዘይትና ጨው ገዝቶ ያልቃል። «ብሩ ያው ነው፣ ቁጥሩም ያው ነው፣ ሆዱ ግን ጎድሏል» ይላል። ስለዚህ የእጣውን ድርሻ በብር አይጽፍም። በመስቀል ማግሥት ድርሻ ሲካፈል ገበያ ወጥቶ የማሽላ ዋጋ ይጠይቅና፣ የአንድ እጣ ድርሻ ስንት ኩንታል ማሽላ እንደሚገዛ በደብተሩ ያሰፍራል። ደግሞ በአንድ ዓመት አይፈርድም። «አንድ ዓመት ሐሰተኛ ምስክር ነው፤ አሥሩን ዓመት ሰብስበህ ጠይቅ» ባይ ነው። በደብተሩ ያለውን የየዓመቱን ማሽላ ደምሮ ለዓመታቱ ያካፍላል። ከዚያ እጣው የተጠየቀበትን ዋጋ ያንኑ ወደ ማሽላ ለውጦ፣ በስንት ዓመት ራሱን ይመልሳል ብሎ ያያል። ሞተሩ ከአሥር ዓመት በላይ አይኖርም፤ ስለዚህ በአሥር ዓመት የማይመለስ እጣ ለፈንቴ እጣ አይደለም።

በሰባ አምስት ጥር ከስምንቱ አንዱ እጣውን በሰባት መቶ ብር ልሽጥልህ አለው፤ ቆጠረና ውድ ነው አለ። አሰፋች የጣሳዋን ክዳን አጥብቃ ወደ ጓዳ መለሰችው።

ከዚያ ያ ክፉ ዓመት መጣ። የሰባ ሰባቱ ድርቅ ሰዉን ከደጋ እየነቀለ በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ሲያፈሰው፣ ወፍጮው ቀን ከሌት አላረፈም። በመስከረም ለአንድ እጣ ሁለት መቶ ስልሳ ብር ደረሰ። እንዲህ ያለ ድርሻ ታይቶ አይታወቅም! ኮኪት ሁሉ እጣ እጣ አለ፤ ዋጋው በጥር አንድ ሺህ ስድስት መቶ ገባ። ፈንቴ ብቻውን ቆሞ ጮኸ። «ማሽላው መቶ አሥር ብር ገብቶ የለም እንዴ? ሁለት መቶ ስልሳው ሁለት ኩንታል ተኩል እንኳ አይሞላም! ከድርቁ በፊት ሦስት ኩንታል ነበር! በሰው መከራ ትሰክራላችሁ?» አለ። ምቀኛ አሉት። በዓመቱ ስደተኛው አለፈ፣ ድርሻው በግማሽ ወደቀ፣ እጣውም ዘጠኝ መቶ ገባ። ፈንቴ ልክ ነበር። ይህ ልክነት ነው የጎዳው። ከዚያ በኋላ ወፍጮ ቤት ሳለ ደብተሩን እንደ ዳዊት ከእጁ አይለየውም፤ ሰውም ከላም እስከ ሰሊጥ እሱን ሳይጠይቅ አይገዛም ጀመር።

በሰማንያ አንድ ጥር፣ እትዬ አይናዲስ ወፍጮ ቤቱ ድረስ መጡ። ከስምንቱ አንዱ የነበሩት ባላቸው ሞተዋል፤ ጎንደር ልጃቸው ዘንድ ሊሄዱ ነው።

«ፈንቴ፣ አሥር ዓመት እዚህ ዱቄት ስትቅም ኖረሃል» አሉት። «ለሌላ ሳልናገር ላንተ ልበል ብዬ ነው። እጣውን በአንድ ሺህ ብር ውሰደው።»

የፈንቴ ልብ ዘለለ። አንድ ሺህ ብር ጣሳው ውስጥ አለ፤ አሰፋች ባለፈው ሳምንት ቆጥራዋለች። ግን ልብ ሒሳብ አያውቅም ብሎ ደብተሩን አወጣ። ዘንድሮ አሥር ዓመቱ ሞልቶለታል። የአሥሩ ዓመት ድርሻ ተደምሮ ሠላሳ ኩንታል፣ በዓመት ሦስት ማለት ነው። የጥር ማሽላ ገበያ ላይ ሃያ አምስት ብር፤ አንድ ሺህ ብር አርባ ኩንታል ይገዛል። አርባን በሦስት... አሥራ ሦስት ዓመት አልፎ።

«አይሆንም እትዬ አይናዲስ።»

«ምነው ልጄ? ገንዘብ አነሰህ? ትንሽ ልታገሥህ።»

«ገንዘቡስ አለ። እጣው ዋጋውን አያወጣም። አሥራ ሦስት ዓመት ጠብቄ ብሬን ላገኝ? ሞተሩ ቀድሞኝ ይሞታል!» አለ፣ ወረፋ የያዙት ሁሉ እየሰሙ። «እናንተ በወሬ ትመዝናላችሁ፤ እኔ በሚዛን ነው። ሁለት ዓይነት ሚዛን እግዜር አይወድም።»

እትዬ አይናዲስ ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ። ከመተማ ዮሐንስ ጨውና ስኳር እያመጣ የሚቸረችረው ማሩ እዚያው ቆሞ ነበርና ተከተላቸው። ከሰዓት በኋላ በሽማግሌ ፊት አንድ ሺህ ብሩን ቆጥሮ ሰጣቸው።

ፈንቴ ቤቱ ሲገባ አሰፋች ወሬውን ሰምታ ጨርሳለች። ጌሾውን እየወቀጠች ቀና አላለችም። ፈንቴ ተናደደ። ሌላ ጊዜ ቢሆን «ይህ የሒሳብ ጉዳይ ነው» ብሎ ያልፋታል፤ ደብተሩንም ወፍጮ ቤት ሣጥን ውስጥ ነው የሚተወው። ያን ቀን ግን ይዞት መጥቷል። ከፊቷ ዘርግቶ በጣቱ እየጠቆመ ዓመት በዓመት አነበበላት። ሰባ ሁለት፣ ሰባ ሦስት፣ ሰባ አራት፣ እስከ መጨረሻው።

አሰፋች ማንበብ አትችልም፤ ማሽላ ግን ከሃያ ዓመት በላይ ገዝታለች።

«ድርሻውን የምትለውጥበት ማሽላ ዘንድሮ ስንት ነበር?»

«ሃምሳ ብር። በመስቀል ማግሥት ራሴ ጠይቄ።»

«መስከረም ላይ?» ዘነዘናውን አቆመችው። «አንተ ሰው፣ ቆላ ላይ በመስከረም ማሽላ የሚገዛ ማን ነው? ጎተራው ያለቀበት ርኁብ ብቻ ነው እኮ! እኔ የዓመቴን በጥር ነው የማስገባ።»

«ታዲያ ምን ይሁን? ማሽላ ማሽላ ነው።»

«የእጣውን ዋጋ በስንት ለወጥኸው?»

«በሃያ አምስት። የዛሬው ገበያ ነዋ።»

አሰፋች ወደሱ ዞረች። «ያንኑ አንድ ሺህ ብር በመስከረሙ ማሽላ ብትለውጠውስ?»

ፈንቴ በጣቱ ቆጠረ። አንድ ሺህን ለሃምሳ። ሃያ ኩንታል። ሃያን በሦስት፣ ሰባት ዓመት አይሞላም። እንደገና ቆጠረ። ሰባት ዓመት አይሞላም። ወደ ሰባ አምስቱ ገጽ ገለጠ፤ ያም ሰባት ዓመት አይሞላም ነበር። ገቢውን በውዱ ማሽላ፣ ዋጋውን በርካሹ ማሽላ ሲመዝን አሥር ዓመት ኖሯል። ሁለት ድንጋይ! ነጋዴ ቢያደርገው ኖሮ ሸንጎ ያቆመው ነበር። አፍሮ መሬት መሬት አየ። አሰፋች ግን ጌሾዋን መውቀጥ ቀጠለች።

በሦስተኛው ቀን ማሩ የሚያስፈጨውን ይዞ ወፍጮ ቤት መጣ። ሞተሩ ገና አልተነሳም፤ ፈንቴ ድንጋዮቹን ያስተያያል። ማሩ ዓይኑ ቀልቷል።

«አያ ፈንቴ፣ ከገዛሁት ወዲህ እንቅልፍ የለኝም» አለ። «እርስዎ ያልገዙትን እጣ እኔ ምን ቆርጦኝ ገዛሁት? ሚስቴም ፈንቴ የናቀውን ገዛህ ብላ አላስቀመጠችኝ። እንዲያው ለርስዎ ልመልስልዎት። ዘጠኝ መቶ ይስጡኝና መቶው ይቅርብኝ።»

ፈንቴ ድንጋዩን እንደያዘ ቆመ። ዘጠኝ መቶ! የሚፈለግበት አንድ ቃል ብቻ ነው፤ «እሺ»። ሐሰት እንኳ መናገር የለበትም። ልጁ የሚፈራው የፈንቴን ሒሳብ ነው፤ ሒሳቡ ስህተት መሆኑን ከፈንቴና ከአሰፋች በቀር የሚያውቅ የለም። አሥር ዓመት የጠበቀው እጣ፣ የእርጅናው እንጀራ፣ በገዛ እግሩ ተመልሶ እጁ ላይ ወድቋል። ሳሉ ተነሳበትና ረጅም ጊዜ ሳለ፤ ማሩም በትዕግሥት ጠበቀው።

ተናደደ። በማሩ ተናደደ፣ መጥቶ ስለፈተነው። ማሽላ በሚወደድበት በመስቀል ማግሥት ድርሻ በሚካፈሉት ስምንት ሰዎች ተናደደ። ከሁሉ ይልቅ በዚያች የሚዛን ቃሉ ተናደደ፤ አሥር ዓመት ባይናገራት ኖሮ ዛሬ ማን ይጠይቀው ነበር?

«አትሽጠው» አለ በመጨረሻ፣ እየተቆጣ። «የተሳሳትሁ እኔ ነኝ። እጣው ጥሩ ነው።»

«ምኑ ላይ ተሳሳቱ?»

ነገረው። ደብተሩን ገልጦ፣ የመስከረምን ማሽላና የጥርን ማሽላ እያሳየ፣ ሰባት ዓመት አለመሙላቱን እስኪያይ ድረስ ነገረው። የማሩ ፊት ቀስ በቀስ ፈካ።

«እግዜር ይስጥልኝ አያ ፈንቴ! በሉ ይህን ሃምሳ ኪሎ ይመዝኑልኝ። ባለእጣም ይከፍላል እንዴ?»

«ይከፍላል» አለ ፈንቴ፣ ድንጋዩን ሚዛኑ ላይ እየጣለ።

ቤቱ ገብቶ የሆነውን ሁሉ ለአሰፋች ነገራት። ትጮህብኛለች ብሎ ፈርቶ ነበር። እሷ ግን ራቱን አቀረበችለት፣ እጁን አስታጠበችው፣ ፊት ለፊቱም ተቀመጠች።

«ደግ አደረግህ» አለች። እንባዋ ግን ዓይኗ ላይ ሞልቶ ነበር። ቆይታ ደግሞ፣ «በስንት ልመልስልዎት አለህ?» ብላ ጠየቀች።

«በዘጠኝ መቶ።»

አሰፋች እንባዋን በመቀነቷ ጫፍ ጠረገች።

«በየትኛው ማሽላ? በመስከረም ነው በጥር?» አለችው ፈገግ ብላ።