የሟቾችን ዕድሜ ጠያቂው

በጣሊያን ጊዜ፣ ከሮብ ገበያ በላይ ባለች አንዲት መንደር ቀብር ስለበዛ፣ ሰዉ «ምንጩ ተመርዟል» ብሎ ወደ አማኑኤል ከተማ ሊሰደድ ተነሣ። ይታይሽም ጓዟን አስራ ነበር። በየመንደሩ እየዞረ የሟቾችን ዕድሜ የሚጠይቀው እንግዳ ደጇ የደረሰው ያን ዕለት ነው። ጋቢው ንጹሕ ነው፤ ቀኝ ትከሻው ላይ ብቻ የጠመንጃ ማንገቻ እንደፈተገው ሳስቷል። ሲቀመጥም ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ በሩን ያያል።

«የአማኑኤልንም የእናንተንም ሟቾች በየዕድሜያቸው ቈጥሬ ነው የመጣሁ» አላት ረጋ ብሎ። «የእናንተ ጎረምሶች የት ናቸው?»

ይታይሽ ትከሻውን አየት አደረገች። «ዱር ገብተዋል።»

«እንግዲያ እዚህ የቀረው አብዛኛው ሽማግሌ ነው። ሽማግሌ የበዛበት መንደር ቀብር ይበዛበታል። ሽማግሌን ከሽማግሌ፣ ጎልማሳን ከጎልማሳ፣ ሕፃንን ከሕፃን ጋር ብታስተያዩት ከመቶው የሚሞተው እዚህም እዚያም እኩል ነው። የአማኑኤልን ያህል ጎረምሳ ቢኖራችሁ ኖሮ ከመቶው ሲታይ ቀብራችሁም ከእነሱ አይበልጥም ነበር። ውሃችሁ ደኅና ነው።»

ከምንጩ የተቀዳውን ውሃ በቅል ተቀብሎ ጭልጥ አደረገው።

«እርስዎስ ልጆች አሉዎት?» አለችው።

ቅሉን መለሰላት። «ከሞቱት ሕፃናት ጋር ቈጥሬያቸዋለሁ።»

ይታይሽ ቁልቁለቱን እስኪጨርስ ቆማ ሸኘችው። ከዚያም ጓዟን ፈታች፤ እንስራዋን አዝላም ሰው ሁሉ እያያት ወደ ምንጩ ወረደች።