ስምንት ሰከንድ

ቴክኒክና ሙያ ጨርሼ መጀመሪያ የተቀጠርኩት ቦዲቲ ያለ አንድ ዱቄት ፋብሪካ ነው፤ መብራት በፈረቃ በነበረበት ዓመት። የወፍጮው ኦፕሬተር አባቴ የሚሆኑ ሰው ነበሩ። አማርኛ የለመዱት ካደጉ በኋላ ስለነበር እኔን ሴቷን «አንተ» ነበር የሚሉኝ።

በገባሁ በሁለተኛው ሳምንት ባለቤቱ ወፍጮው ሲነሳ ይጓተታል ብሎ አማረረ። የሞተሩን ፍጥነት ወደሚቆጣጠረው ሳጥን፣ ወደ ድራይቩ፣ ሄጄ ተነስቶ ሙሉ ፍጥነት እስኪይዝ የሚወስደውን ጊዜ ከሠላሳ ሰከንድ ወደ ስምንት አወረድኩት። ባለቤቱ ደስ አለው፤ እኔም ኮራሁ።

ብዙም ሳይቆይ ድራይቩ «ኦቨር ከረንት» እያለ ወፍጮውን ማቆም ጀመረ፤ ሞተሩ ከልኩ በላይ ኤሌክትሪክ ሳበ ማለት ነው። ባለቤቱ ምክንያቱን ሲጠይቀኝ ኦፕሬተሩ ስንዴ እያበዙ ይለቃሉ አልኩት። ሳላጣራ ነው ያልኩት። እሳቸው ጆንያ ወደ መስፋት ተዛወሩ።

ሌላ ሰው ተተካ፤ ወፍጮው ግን ያው ሆነ። ያኔ ፈራሁና እንደተማርኩት ከመጀመሪያው ጀመርኩ። የሞተሩን ገመድ ነቅዬ ድራይቩን ብቻውን አስነሳሁት፤ ደህና ነው። የሞተሩን የሽቦ ጥቅልል ለካሁ፤ እሱም ደህና ነው። ሞተሩን ከወፍጮው ጋር የሚያገናኘውን ቀበቶ አውልቄ ሞተሩን በእጄ ባሽከረክረው ቀለል ብሎ ዞረ። ግራ ገብቶኝ ቁጭ ብዬ ሲያስነሱት አየሁ። አንዴ ከተነሳ አይቆምም፤ የሚያስቸግረው ሲነሳ ብቻ፣ ያውም መብራት ሄዶ ሲመጣ ነው። መብራት ድንገት ሲጠፋ ወፍጮው ውስጥ ስንዴ ይቀራል። ያን ሁሉ ሸክም በስምንት ሰከንድ አንሳ ያልኩት እኔ ነኝ።

ወደ ሠላሳ መለስኩት። ቀስ ብሎ ተነሳ፤ አልቆመም።

ለባለቤቱ ነገርኩት። ተቆጣ፣ ግን አላባረረኝም። ከዚያ ጆንያ ወደሚሰፋበት ሄጄ ጥፋቱ የኔ እንደነበር ለሰውዬው ነገርኳቸው። መርፌውን ጆንያው ላይ ሰኩ።

«አውቃለሁ» አሉኝ። «ቁጥሩን ስትቀይር አይቼሃለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልተናገሩም?»

«አንተ አዲስ ነህ፤ ያባርሩሃል። እኔን አያባርሩኝም፤ መርፌ ነው የሚሰጡኝ።»

በማግስቱ ወደ ወፍጮው ተመለሱ። እኔ ለብዙ ቀን ዓይናቸውን ማየት አቅቶኝ በሌላ በር እዞር ነበር። እሳቸው ግን ወፍጮውን ባስነሱ ቁጥር፣ ምንም ሳይበላሽ፣ ያስጠሩኛል። አጠገባቸው እቆማለሁ። ፍጥነቱ እስኪሞላ አብረን እናያለን፤ ከዚያ «በቃ፣ ሂድ» ይሉኛል።