ከእጄ ውሃ የሚቀበል

ሌላው ስደተኛ ታሪኩን ሲያወራ ሁልጊዜ በሌሊት ነው ከአገሩ የሚወጣው። ጨረቃ ነበረች፣ ውሻ ጮኸ፣ እናቴ አለቀሰች ይላል። እኔ የወጣሁት በጠራራ ፀሐይ ነው። በመንደራችን የእኛ ሰው መንገድ የሚሄደው በቀትር ነበር፤ ጥላው የሚያጥረው ያን ጊዜ ነዋ! ጥላችን ያረፈበት ሰው ገላውን ታጥቦ ልብሱን መለወጥ አለበት። ስለዚህ አገሩ ሁሉ ምሳውን በልቶ ሲጋደም ጠብቄ፣ ጥላዬን እግሬ ሥር ሰብስቤ ወጣሁ።

ማን እንደሆንን ልንገራችሁ። መንደሬ ሕንድ አገር፣ በምዕራብ በኩል፣ ከባሕሩ የሁለት ቀን መንገድ ናት። አባቴ የሰው ቤት መጸዳጃ ይጠርግ ነበር፤ አባቱም፣ የአባቱም አባት። የሞተ ከብት የምንጎትተው እኛ ነን። ከጉድጓዱ ውሃ መቅዳት ግን አይፈቀድልንም። ሲጠማን ራቅ ብለን ቁጢጥ እንላለን፤ ደግ ሰው ካለፈ ከላይ ያንቆረቁርልናል፣ እኛም መዳፋችንን አጋጥመን እንጠጣለን። እናቴ ስትሸኘኝ አላለቀሰችም። "ሂድ፤ ከእጅህ ውሃ የሚቀበል ሰው ያለበት አገር ግባ" አለችኝ። ምርቃቴ ይኸው ነው። ሀብት አልተመኘችልኝም፣ ልጅም አልተመኘችልኝም።

ከቦምቤይ በመርከብ ዓደን፣ ዓደን ሁለት ዓመት ጆንያ ስሸከም ኖሬ ጅቡቲ፣ ከጅቡቲ በባቡር ድሬዳዋ። ጣሊያን ከወጣ ገና ጥቂት ዓመቱ ነበር። ድሬዳዋ ላይ አንድ የደከመው ጸሐፊ ስሜን ካንጂ ብሎ ጻፈና በአስተርጓሚ ጠየቀኝ።

"ሙያ?"

"ነጋዴ።"

ባዶ እጄን አየ። "ምን ትነግዳለህ?"

"ገና አልጀመርኩም።"

"ባንያን አይደላችሁ! እናንተ ከእናታችሁ ሆድ ነው የምትጀምሩት" ብሎ ማኅተሙን ደቃው።

በአገሬ ባንያን ማለት የነጋዴ ዘር ነው፣ ጥላዬን የሚሸሽ ሰው። በሐረርና በድሬዳዋ ግን ሕንድ ሁሉ ባንያን ነው። አማልክቶቻችን ሊሠሩት ያልደፈሩትን ያ ጸሐፊ በአንድ ማኅተም ሠራው።

ሐረር በገባሁ በማግስቱ ሸዋ በር ገበያ ቆሜ ሳለ አንዲት ድንች ሻጭ "እርስዎ ይለፉ እንጂ" አለችኝ። ቋንቋውን አላውቅም፤ ግን የአነጋገሯን ለዛ ሰምቼ ማንን እንደምታከብር ለማየት ዞር አልኩ። ከኋላዬ ግንቡ ብቻ ነበር። በኋላ ትርጉሙን ስረዳ፣ ይህን ቋንቋ ሳልማር አልሞትም አልኩ።

ፈላና በር ውስጥ እማማ ዘይነባ ግቢ አንድ ክፍል ለመከራየት ሄድኩ። በአስተርጓሚ ተደራደርን።

"ባንያን ነህ?" አሉኝ።

"አዎ እማማ።"

"ሥጋ አትበላማ?"

"አልበላም።"

"አልሐምዱሊላህ፣ ቤቴ አይከረፋም። ግባ።"

እኔ እኮ ሥጋ ስወድ! በአገሬ የሚደርሰን የሞተ ከብት ሥጋ ነበር፤ እሱም ይናፍቀኛል ብል ትስቁብኛላችሁ። ሥጋ እንደ ልብ በሚሸጥበት ከተማ በባንያንነቴ ስድስት ዓመት ጾምኩ። የማሽላ ቂጣችንና የቃሪያ ድልሃችንም ናፈቀኝ። የሐረር ቂጣ ከመንደሬ ቂጣ ይመሳሰላል፣ ግን የእናቴን ጢስ አይሸትም።

ሥራ የሰጠኝ ጎርዳንዳስ የሚባል የጨርቅ ነጋዴ ነው፤ እሱ እውነተኛው ባንያን ነው። ከሰሜን የመጣሁ ገበሬ ነኝ ብዬ ዋሸሁት። አነጋገሬ እንዳያጋልጠኝ በአገራችን ቋንቋ አንገቴን ከመነቅነቅ በላይ አላወራም ነበር፤ አማርኛ ቶሎ የለመድኩትም ለዚሁ ነው። ጨርቅ እለካለሁ፣ ሱቅ እከፍታለሁ፣ በነሐስ ኩባያ ውሃ አቀርብለታለሁ። ይቀበለኛል። ግን ልቤ አልሞላም። ሳያውቅ የተቀበለኝ ሰው እናቴ ያለችው ሰው አይደለም። አውቆ የሚቀበለኝ እፈልግ ነበር።

ስለ ንጽሕናም ልናገር፣ ያባቴ ሙያ ስለሆነ። ጎርዳንዳስ በቀን ሁለቴ ይታጠባል፤ የሱቁን ጥራጊ ግን በመጥረጊያ ገፍቶ ከደጁ መንገድ ላይ ይተወዋል። የእማማ ዘይነባ መደብ በቀይ አፈር ተለስኖ መስታወት ያስንቃል፤ የጓዳቸው እጣቢ ግን በአጥር ላይ ዘሎ አላፊውን ያጠምቃል። ከግንቡ ውጭ ባለው አዲሱ ከተማ ደግሞ ከረባት ያሰረው የቢሮ ሰው ሳይቀር ግንብ ሲያይ ሽንቱ ይመጣል። ሦስት ሃይማኖት ባለበት ከተማ ኖሬ፣ ሁሉም ሲስማሙ ያየሁት መንገድ በማቆሸሽ ብቻ ነው። ሁሉም ንጽሕና ይወዳል። የሚያጸዳውን ግን ማንም አይወድም።

ጥሩወርቅን ያገኘኋት በክር ምክንያት ነው። በአዲሱ ከተማ የልጃገረዶች ትምህርት ቤት ስፌት ታስተምር ነበር፤ አባቷ ባሻ ይመር ጡረተኛ ወታደር ናቸው፣ አያታቸው ከሸዋ መጥተው ሐረር የቀሩ። ክር ልትገዛ መጥታ የጨርቆቹን ስም ጽፌ እንድለጥፍ ብትነግረኝ፣ መጻፍ አልችልም አልኳት። በመንደራችን ትምህርት ቤት እኛ ከበረንዳው ውጭ ነበር የምንቀመጠው፤ ጥቁር ሰሌዳውን እንዳናረክስ። ይህን ግን አልነገርኳትም። እሷም ጨርቅ የምናሰምርበትን ጠመኔ አንስታ መለኪያው ጠረጴዛ ላይ "ሀ" ብላ ጻፈች።

በዓመቱ ማንበብ ቻልኩ። ይህን በአማርኛ የምጽፍላችሁም ሌላ ፊደል ስለሌለኝ ነው። የእናቴ ቋንቋ በአፌ እንጂ በእጄ የለም።

በመንደሬ ፍቅርን ለአምላክ ይዘፍኑታል እንጂ ለሰው አይናገሩትም፤ አባቴ እናቴን በስሟ ሲጠራት እንኳ ሰምቼ አላውቅም። ጥሩወርቅ አንድ ቀን ክሩን እየጠቀለለች፣ ቀና ሳትል፣ "እሺ ሆዴ" አለችኝ። ሆድ እኔ ዘንድ የሚራብ ነገር ነበር። ያን ቀን ግን ጠገብኩ።

ሽማግሌ ላክሁ። ዘመድ የለኝምና ጎርዳንዳስ ራሱ ወገኔ ሆኖ ቆመ፤ ከእሱ ጋር አቶ ዘለቀ የሚባሉ ጡረተኛ ፖስተኛና አንድ ጎረቤት ሄዱ። ባሻ ይመር ሰውየው ጨዋ ነው ወይ ብለው ጠየቁ። ጎርዳንዳስ በአማልክቱ ምሎ ጨዋ ነው አለ። ክርስትና ሊነሣ ተስማምቷል ተባለ። ምሳ ተጠራሁ።

በቀኝ ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ፣ እኔ በበሩ አጠገብ። ለባንያን ተብሎ የጾም ወጥ ተሠርቷል። እናቷ ወይዘሮ የሺ ፎጣ በትከሻቸው ጣል አድርገው ማስታጠቢያውን ይዘው ከትልቁ ጀመሩ። ይህን ልማድ አላውቅም አልላችሁም፣ ሲያደርጉት ስንት ጊዜ አይቻለሁ። ግን የምበላው ብቻዬን ስለነበር ማንም እጄን አስታጥቦኝ አያውቅም። በዚያ ላይ አፌ በፍርሃት ደርቋል። ወይዘሮ የሺ እኔ ዘንድ ደርሰው ጎንበስ አሉ፣ ውሃው ከላይ ወረደ፣ እጆቼ እኔን ሳይጠይቁ ተጋጠሙ።

ጠጣሁት። አንገቴን ደፍቼ፣ ውሃው በክርኔ እየተንጠባጠበ፣ እንደ መንደሬ ጠጣሁት።

"ኧረ ጠምቶታል! ጠላ ስጡት እንጂ!" ብለው ባሻ ይመር ሳቁ። አቶ ዘለቀ ሳቁ። ከመጋረጃው ጀርባ ጥሩወርቅም ስትስቅ ሰማኋት፤ የፍቅር ሳቅ ነበር። ጎርዳንዳስ ብቻ አልሳቀም። ከአገራችን ሰው እንዲያ የሚጠጣው ማን እንደሆነ ከእኔ ሌላ የሚያውቅ በዚያ ቤት እሱ ብቻ ነበር። የገዛ እጁን ገልብጦ አየ፣ ሆዴን አመመኝ ብሎ ሳይቀምስ ወጣ።

በማግስቱ ጠዋት ሱቁ ደጅ ስደርስ ኩባያው፣ ማንቆርቆሪያው፣ ድስቱ ሁሉ ውጭ ተጥሏል። መንገድ ላይ ነው፣ እንደ ወትሮው።

"ስድስት ዓመት!" አለ ከውስጥ ሆኖ፣ በአገራችን ቋንቋ። "ስድስት ዓመት ከእጅህ ጠጣሁ!"

"ታዲያ ሞቱ?" አልኩት።

"አረከስከኝ!"

"ተስማምቶዎት ነበር እኮ። ወፍረዋል።"

አንዷን የነሐስ ኩባያ አንስቼ ሄድኩ።

እሱ ግን ወደ ባሻ ይመር ሄደ። የሆነውን ያጫወቱኝ አቶ ዘለቀ ናቸው። ጎርዳንዳስ ሊያስረዳ ፈለገ፣ ቃል አጣ። "ጠራጊ ነው" አለ። "ታዲያ ሥራ አይደል፣ ምን ነውር አለው?" አሉ ባሻ። "አይደለም፣ በዘሩ ጠራጊ ነው።" "በዘር የሚጠርግ አለ እንዴ?" ብለው ሳቁ። ቢለው ቢለው አልገባ አላቸው። በመጨረሻ "ከእጃቸው አንበላም፣ ከነሱ አንጋባም" ሲል ባሻ ጉልበታቸውን መቱ።

"እንደ ፋቂ በለኛ!"

ያኔ ተግባቡ። አቶ ዘለቀ እንደነገሩኝ ተጨባብጠው ነው የተለያዩት። አማርኛን የወደድኩት ለእኔ ዓይነት ሰው ቃል የለውም ብዬ ነበር። ነበረው ለካ፤ ተቀምጦ ይጠብቀኝ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ጥሩወርቅ ከአዲሱ ከተማ በእግሯ መጣች። እማማ ዘይነባ ግቢ ውስጥ እህል ያበጥራሉ። ክፍሌ ገብታ ተቀመጠች፤ ፊቷ በላብ ርሷል።

"እውነት ነው?"

"እውነት ነው።"

"ለምን አልነገርከኝም?"

"ፈራሁ።"

ነጠላዋን አስተካክላ "አባቴ ያሉትን ብለዋል። እኔ ያልኩትን ግን ማንም አልጠየቀኝም" አለች። "ውሃ ስጠኝ፣ ካንጂ።"

የምትለውን ታውቅ ነበር። እናቴ በቀትር የመረቀችኝ ሰው ይኸው፣ ክፍሌ ውስጥ ተቀምጣ፣ አውቃ፣ እጇን ዘርግታለች። ከእንስራው በዚያች በነሐስ ኩባያ ቀዳሁ። ሁለት እርምጃ ቀረኝ። እግሬ ቆመ። እጄ መዘርጋት ሲገባው ወደ ላይ ተነሣ፣ ኩባያዋንም ከላይ ዘነበልኳት። ኩባያ ሊቀበል የተዘረጋ እጅ ውሃ አይዝም። ቀሚሷ ላይ ፈሰሰ።

"አቀብለኝ እኮ ነው ያልኩህ" አለችኝ ቀስ ብላ።

"አውቃለሁ።"

"ታዲያ አቀብለኛ!"

አልቻልኩም። እንዳላረክሳት ፈራሁ። ጎርዳንዳስ አልነበረም፣ ባሻ አልነበሩም፣ ከልካይ አልነበረም። እኔው ነበርኩ።

ቀሚሷን አራገፈችና ተነሣች። "እነ አባቴስ ካንተ ዘር አይደሉም" አለች። "የባስከው አንተ ነህ።" በዓመቱ አሰበ ተፈሪ ላለ የመንግሥት ሠራተኛ ተዳረች። ክርስትና ሳልነሣ ቀረሁ።

ከዚያ በኋላ ሥራ ፍለጋ ማዘጋጃ ቤት ገባሁ። ሹሙ "ባንያን ጽዳት ያውቃል ይባላል፤ የት ተማርክ?" አለኝ።

"ከአባቴ።"

"አባትህ ባለሙያ ነበሩ?"

"እስከ ሰባት ቤት ቢቆጥሩ ባለሙያ ነን።"

"ልምድ፣ ከፍተኛ" ብሎ ጻፈ። የጽዳት ተቆጣጣሪ ሆንኩ፣ ቆብም ሰጡኝ። ውቅያኖስ ተሻግሬ ያባቴን መጥረጊያ ይዤ ቆምኩ እላችኋለሁ፤ ልዩነቱ ቆቡ ነው። እንዲያም ሆኖ ከእኔ ይልቅ ከተማውን የሚያጸዱት በግንቡ ቀዳዳ የሚገቡት ጅቦች ናቸው፣ እነሱ የማንንም ዘር አይጠይቁም። አገሬ ነጻ ወጥቶ እኛን አትንኩ የሚለው ልማድ በሕግ ተሻረ ሲሉ ሰማሁ። ደስ ይበላቸው። ሕግ ክንዴን አያውቀውም።

አሁን ጥርሴም ፀጉሬም አልቋል። ባለፈው ሳምንት ቢሮ ተጠራሁ፤ "ስልክ ነው፣ ሴት ናት" ብለው እየተጠቃቀሱ መነጋገሪያውን ሰጡኝ።

"ካንጂ ነህ?"

ድምጿ ጎርንኗል፤ ግን እሷ ናት። "ደህና ነዎት?" አልኳት።

"እርስዎ አልከኝ?" አለችና ሳቀች። ከዚያ ባሏ መሞቱን ነገረችኝ። ነፍስ ይማር አልኩ።

"ለቁልቢ ንግሥ እመጣለሁ። ሐረርን ረግጬ ነው የምመለሰው" አለች።

"እሺ።"

"ያቺ ኩባያ አለች?"

"አለች።"

"እንግዲያስ ይጠማኛል" አለች፣ መስመሩም ተቋረጠ።

ቁልቢ ሊደርስ ሦስት ሳምንት ቀርቷል። ከሥራ ስመለስ ወንበሯን በበሩ በኩል አደርጋለሁ፣ ኩባያዋን እሞላለሁ፣ ሁለት እርምጃ እራመዳለሁ፣ ክንዴን እዘረጋለሁ። አንዳንድ ቀን ክንዴ ወደ ላይ ሳይነሣ እስከ ደረቴ ድረስ ይሄድልኛል። ትናንት እማማ ዘይነባ፣ ምርኩዛቸውን ይዘው በበሩ ሲያልፉ፣ ቆም ብለው አዩኝ።

"አንተ ባንያን፣ ወንበሩን ምን ብለህ ነው የምታጠጣው?" አሉኝ።

ዝቅ ብዬ ብመለከት ወንበሩ ርሷል።